ማጥፊያ የሌለው ባስ

ዘርአብሩክ ነጯን ዲዛየር ከያዘ ወዲህ ሆሳዕና ጠበበችው። መኪናዋ የተገዛችው ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሙ በላከው ገንዘብ ነው፤ እሱ ግን በዞኑ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ከሚያገኛት ደመወዝ ቆጥቦ የገዛት ይመስል፣ ስለ መኪናዋ ሲያወራ «ለፍቼ» የምትል ቃል ጣል ያደርጋል። የወንበሮቹ ላስቲክ ገና አልተነሣም፤ እንዲነሣም አይፈልግም። በሩን በሁለት ጣቱ ነው የሚዘጋው። ሠላሳ አንድ ዓመት እስኪሞላው ቁርሱን አንድ ቀን በሰዓቱ በልቶ የማያውቅ ሰው፣ መኪናዋን ግን በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያጥባታል። ደስታውን የሚያጎድልበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቴፑ።

ከፋብሪካ አብሮ የመጣው ቴፕ በውነቱ ምንም አልጎደለውም። ሬዲዮ ይይዛል። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል። ስልክ ሲደወል መዝሙሩን ያቆምና የደዋዩን ድምፅ በመኪናው ስፒከር ያሰማል፤ ንግግሩ ሲያልቅ ደግሞ መዝሙሩን ካቆመበት ይቀጥላል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ክፋቱ፣ የሚሰማው መኪናው ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ዘርአብሩክ ደግሞ መኪና የያዘው መኪናው ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ብሎ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር፣ በከተማችን መኪና በዓይን አይታወቅም፤ በደረት ነው የሚታወቀው። ከሾኔ የሚመጣውን ሚኒባስ ገና ሳታየው የሱቅህ ቆርቆሮ ይነግርሃል። የሚከፈተው መዝሙር ስለሆነ ማንም ደፍሮ «ቀንስ» አይልም፤ በመዝሙር ላይ «ቀንስ» ያለ ሰው በሚቀጥለው እሑድ ምን ዓይነት ስም ወጥቶለት እንደሚጠብቀው ያውቃል። ስለዚህ የከተማው ሾፌር ሁሉ ጌታን እያመሰገነ ጎረቤቱን ያደነቁራል። ዘርአብሩክ በዚህ ውድድር መጨረሻ ላይ መቆሙ እንቅልፍ ነሣው። ከመናኸሪያው ጀምሮ በዋናው መንገድ ሲወርድ በረንዳ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው እንኳ ቀና አይልለትም። እና ምኑን ነዳው?

በመጨረሻ ከመናኸሪያው ጀርባ የመኪና ዲኮር ሱቅ ያለው ፈትሁዲን ጋ ሄደ። ፈትሁዲን ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ጩኸት ሲገጥም የኖረ፣ የራሱ ሱቅ ውስጥ ግን ሬዲዮ የሌለው ዝግ ያለ ሰው ነው። መኪናዋን ዞሮ አያት፤ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፈተ፣ ለካ፣ ዘጋ።

«ቴፑን አልነካውም» አለ። «ኦርጅናል ነው፣ ይቀመጥ። ድምፁን ከኋላ ስፒከሮች ገመድ ላይ እወስድና በመቀየሪያ አድርጌ ለአምፕሊፋየሩ እሰጠዋለሁ። አምፕሊፋየሩ ለአራቱ በሮችና ከኋላ ለሚቀመጠው ባስ ያከፋፍላል። ኃይሉን በፊውዝ አድርጌ ቀጥታ ከባትሪ አመጣለሁ።»

«እሺ።»

«አንድ ነገር ይቀራል። አምፕሊፋየሩ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚተኛ የሚነግረው ቀጭን ሽቦ አለ። ያንተ ቴፕ ለሱ የሚሆን መውጫ የለውም። ከመኪናው ቁልፍ ጋር አያይዘዋለሁ፤ መሐል ላይ ደግሞ እዚህ ጋ ማጥፊያ አስገባለሁ» አለና ዳሽቦርዱን በጣቱ ነካ።

«ምን?»

«ማጥፊያ። ባሱን ማጥፋት ስትፈልግ ጫን ማድረግ ነው።»

«ለምንድን ነው የማጠፋው?»

ፈትሁዲን ቀና ብሎ አየው። በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ደንበኛ አልነበረም፤ ስለዚህ መልሱን አስቦት አያውቅም። «ሰው አንዳንዴ ጸጥታ ያስፈልገዋል» አለ በመጨረሻ።

«ጸጥታ ካስፈለገኝ እቤቴ እቀመጣለሁ። ደግሞ የአዲስ መኪና ዳሽቦርድ ይበሳል እንዴ?»

«የትንሽ ጣት ጫፍ ብታክል ነው።»

«አትበሳም» አለ ዘርአብሩክ። ነገሩ በዚህ አለቀ። ፈትሁዲን ሽቦውን ከቁልፉ ጋር ብቻ አያያዘውና ሲጨርስ እጁን እየጠረገ «በል እንግዲህ፣ ቁልፉ ካለ ባሱ አለ። ሞተር ሳታስነሣ ብዙ አትክፈተው፤ ባትሪህን ይጠጣዋል» ብሎ መከረው። ዘርአብሩክ ግን ምክር የሚሰማበት ሰዓት ላይ አልነበረም። ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው። ከሱቁ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሃቢባ ከጠረጴዛዋ ላይ በራሳቸው ተነሥተው የሄዱ ሁለት ብርጭቆዎች አየር ላይ ያዘች።

«ፈትሁዲን፣ ሰውዬው የገዛው መኪና ነው ወይስ ወፍጮ?» አለች።

ዘርአብሩክ ከተወለደ እንደዚህ ያለ ሙገሳ ሰምቶ አያውቅም።

ይኼ ሁሉ ባልከፋ፤ ራሄል ነበረች እንጂ። ራሄል በጊምቢቹ ጤና ጣቢያ የፋርማሲ ባለሙያ ናት፤ የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ሲዘምሩ ብቻዋን የምታዜመው እሷ ናት። ዘርአብሩክ ከሦስት ዓመት በፊት በመዝሙር ጉባኤ ላይ ድምፅዋን ሰማና እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አለ፣ አንዳንድ ቅዳሜ ሾኔ ላይ ምሳ አለ፤ ሁሉም በጨዋ ደንብ፣ ሁሉም በድብቅ። ዘርአብሩክ ይወዳታል። በዚህ አይታማም። መኪናዋን ከመያዙ በፊትም ይወዳት ነበር።

አባቷ ጋሽ ዕንባቆም ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስድሳ ስድሳ ልጅ ሲጮህባቸው የኖሩ ሰው ከዚህ በኋላ ከዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ጸጥታ። ከቤታቸው አጠገብ ሙዚቃ ቤት ሲከፈት ቀበሌ ስምንት ጊዜ ተመላልሰው ሞንታርቦውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አስዙረውታል። የዘርአብሩክን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሰዋል። መጀመሪያ «ልጄ ገና ናት» አሉ፤ ሁለተኛ «ልጁን ላጣራ» አሉ። ሲያጣሩ ደግሞ ከሆሳዕና የደረሳቸው ወሬ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ መኪናው ሆነ።

«አባዬ ለሦስተኛ ጊዜ ቅዳሜ ይቀበላቸዋል» አለችው ራሄል በስልክ። «የመጨረሻ ነው። ከዚህ በኋላ ሽማግሌ አልቀበልም ብሏል። ‘ልጄን ጩኸት ቤት አልሰጥም’ ነው የሚለው። ዘርዬ፣ ያን ባስ አውጣው።»

«አወጣዋለሁ።»

«እኔ ላንተ አባቴን ሁለት ዓመት ለምኛለሁ። አንተ ለኔ አንድ ሳጥን አውጣ።»

ሊያወጣው አስቦ ነበር፤ ይህን ልንመሰክርለት ይገባል። በማግሥቱ የኋላውን ከፈተ፣ ምንጣፉን ገለጠ። የአምፕሊፋየሯ ሰማያዊ መብራት ቦግ ብላ አየችው። እሱም አያት። ምንጣፉን መልሶ በቀስታ አለበሳት፤ የተኛ ሕፃን እንደሚሸፈን። ከሠርጉ በኋላ ይወጣል አለ በልቡ። ወይም ከሠርጉ በኋላ ራሄልም ትለምደዋለች። ማታ ራሄል ደውላ «አወጣኸው?» ስትለው «አውጥቼዋለሁ» አላት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምንም አልከበደውም፤ እሱን ራሱን ገርሞታል።

ቅዳሜ ደረሰ። እንደ ደንቡ ከሆነ አግቢው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም። እቤቱ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ጥፍሩን መብላት ነው የሱ ሥራ። ሽማግሌዎቹን የሚያደርስ ጓደኛም አልጠፋም ነበር። ታዲያ የዲዛየሯን ቁልፍ ለማን ይስጥ? ጓደኛው አምፕሊፋየር የጫነ መኪና ጉድጓድ ላይ እንዴት እንደሚቀንስ ያውቃል? ራሄል በሰው እጅ ልትጠየቅለት ትችላለች፤ መኪናዋ ግን በሰው እጅ አትነዳም። «እኔው አደርሳችሁና ከሩቅ እጠብቃለሁ» አላቸው። ስህተቱ ሁሉ ከዚህ ጀመረ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው ጋሽ ዋለ በሕይወታቸው አሥራ አንድ ልጃገረድ አስፈቅደዋል፤ ቁጥሩን ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ሁለተኛው ጋሽ ጠና፣ አባታቸው ከጉራጌ መጥተው ሆሳዕና የከተሙ የጨርቃጨርቅ ነጋዴ፣ የቀኝ ጆሯቸው ከባድ ነው፤ ሆዳቸው ግን ምንም እክል የለበትም። ሦስተኛው ጋሽ ጥላዬ አይናገሩም። ሽማግሌ ሦስት መሆን ስላለበት ነው የመጡት።

ዘርአብሩክ ጋሽ ዋለ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሦስቱ እስኪሰበሰቡ አንድ ሰዓት ሙሉ መዝሙር ከፍቶ ጠበቃቸው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ። ሦስቱም ገብተው፣ ጸልየው፣ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ እንደ ጉንፋናም አንዴ አስነጠሰችና ዝም አለች።

ስለዚህ የጊምቢቹ ጉዞ የተጀመረው በመግፋት ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ለክብራቸው በመጣ መኪና ቂጥ ላይ ተደግፈው፣ ሠፈር እያየ ገፉ። ስትነሣ ጋሽ ዋለ ልባቸው እየመታ ገቡና «ልጄ፣ ከእንግዲህ እስክንመለስ ሞተሩን እንዳታጠፋው» አሉ። ዘርአብሩክም እንደማያጠፋ ማለ።

መንገዱ ላይ ጋሽ ጠና ከኋላ ወንበር ጀርባቸውን ባሱ ላይ አስደግፈው ነበር። «ይኼ ነገር በጆሮ ሳይሆን በወገብ ነው የሚገባው» አሉ በደስታ። «ጨምረው እስቲ።» ዘርአብሩክ ጨመረው። እንደገና ጨምረው አሉት፤ እስከ ጥግ ወሰደው። መዝሙሩ የጊምቢቹ መዘምራን ነበር፤ ራሄል ብቻዋን የምታዜምበት፣ ስድስት ደቂቃ ተኩል የሚወስደው። ከተማው ሊገቡ ሲሉ ነገሩን አሰበና መዝሙሩን ገና እንደጀመረ ከስልኩ ላይ አቆመው። የቴፑን ድምፅ ግን አልቀነሰውም። መኪናዋ ጸጥ ብላ፣ ጨዋ መስላ ገባች።

ከጋሽ ዕንባቆም በር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ጓሮው በእንሰት የተከበበበት ጋ አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም፤ ምሏል። ሽማግሌዎቹ ወርደው በሩ ላይ ቆሙ፣ ተፈቀደላቸው፣ ገቡ። ዘርአብሩክ መኪናው ውስጥ ቢቀመጥ መንገደኛ ያየዋል፤ አግቢው ራሱ መጣ ተብሎ ይወራል። ስለዚህ ወርዶ እንሰቶቹ መሐል ገባ፤ ከዚያ ሆኖ በቅጠሎቹ መካከል በረንዳው ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፣ የሚባለውም ይሰማዋል። ስልኩን እንዳይጮህ አድርጎ በእጁ ያዘ። ልቡ ይመታል። ያለ ባስ ነው የሚመታው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመው ነበር። ጋሽ ዋለ ሳል አድርገው ጀመሩ።

«ጋሽ ዕንባቆም፣ ለሦስተኛ ጊዜ ደጅዎን ስንረግጥ እፍረት አጥተን አይደለም፤ የያዝነው ልጅ የሚያሳፍር ስላልሆነ ነው። ልጃችን ጨዋ ነው። ይኑር አይኑር ጎረቤቱ እንኳ አያውቅም። ድምፁ አይሰማም።»

«መኪናውስ?» አሉ ጋሽ ዕንባቆም።

«አውጥቶታል። ስለ ልጅዎ ብሎ አውጥቶታል።» ጋሽ ዋለ ይህን ሲናገሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ወገባቸው ድረስ ሲያንዘፈዝፋቸው የመጣውን ነገር ፈጽሞ ረስተውታል። ሽማግሌ ሥራ ላይ ሲሆን እንዲህ ነው።

«ልጆቹስ ይተዋወቃሉ?»

«ከየት ተገናኝተው? በጉባኤ ላይ ከሩቅ ሰላም ከመባባል ያለፈ ነገር የለም።» ጋሽ ጠናም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጋሽ ጥላዬም ተከትለው ነቀነቁ።

ከጎረቤት ዶሮ ጮኸ፤ ጋሽ ዕንባቆም እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ገነቴ፣ አተካናው ደርሷል?» ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ። አተካና ከቡላና ከቅቤ የሚሠራ፣ የተከበረ እንግዳ ፊት ብቻ የሚቀርብ ምግብ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ ካልተፈቀደለት አፉ ላይ ምንም አያደርግም። ስለዚህ ጥያቄው መልስ ነበር። የጋሽ ጠና ዓይን እርጥብ ሆነ። ዘርአብሩክ እንሰቱን አቅፎ ሊስመው ምንም አልቀረውም።

በዚህ ጊዜ ስልኩ እጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ራሄል ናት። ገና አንዴ ሳይጨርስ አነሣውና ጆሮው ላይ ለጥፎ በሹክሹክታ «ሄሎ» አለ። ጆሮው ላይ ምንም አልመጣም።

«ዘርዬ» አለ መንገዱ።

ስልኩ ገና ከቴፑ ጋር እንደተገናኘ ነበርና ድምፁ ከመኪናዋ አራት በር ወጣ፤ ወፍራሙ ክፍል ደግሞ ከኋላ ወጥቶ ታርጋዋን አንቀጫቀጨ። ዘርአብሩክ ራሄል ከጀርባው የቆመች መስሎት ዞረ። እንሰት ብቻ ነው ያለው። «የት ነሽ?» አለ ስልኩን ይበልጥ አስጠግቶ። የሚናገረውን የምትሰማው ግን መኪናዋ ውስጥ ያለችው ማይክራፎን ነበረች፤ እሷ ደግሞ ከሱ አሥር እርምጃ ትርቃለች።

«ዘርዬ፣ አይሰማኝም» አለ መንገዱ። «ግን ደስ ብሎኛል። አባዬ አተካናውን ጠየቀ፤ እሺ ብሏል።»

በረንዳው ላይ ጋሽ ዋለ ለምርቃት የከፈቱት አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

«ጋሽ ዋለ ‘ከሩቅ ሰላም ከመባባል ያለፈ የለም’ ሲሉ ሳቄን በሻርፔ አፈንኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሩቅ። ሾኔ ላይ ምሳ ስንበላ ያገኙን ጋሽ ጠና እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ እኮ።»

ጋሽ ጠና የበረንዳውን ጣሪያ ማጥናት ጀመሩ። ከባድ ጆሯቸው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ በሚጠቅምበት ቀን ሁሉን ነገር አጥርቶ ሰማ።

ዘርአብሩክ አሁን ገባው። ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አየው፤ ጣቱ ግን አልታዘዝ አለው። ራሄል ከጀርባ ባለው ክፍል በር ዘግታ ስለነበር ውጪ የሚጮኸው ድምፅ የማን እንደሆነ አላወቀችውም።

«ምንድን ነው ደግሞ፣ የማስታወቂያ መኪና መጣ መሰለኝ ደጁን ያናውጠዋል» አለ መንገዱ። «አንተን ልሰማህ አልቻልኩም። እነዚህን ሰዎች ሃይ የሚል ይጥፋ? ለማንኛውም ዘርዬ፣ ከሁሉም ደስ ያለኝ አንድ ነገር ነው። እኔን ብለህ ያን ባስ ማውጣትህ። አውጥተኸዋል አይደል?»

«አይደል» የምትለዋ ቃል በመንገዱ ላይ ሄደች፤ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ነካች፤ እንሰቱን አንቀጥቅጣ ተመለሰች። የኋለኛው ክፍል መስኮት ቀስ ብሎ ሲከፈት ተሰማ። ራሄል የራሷን ጥያቄ በራሷ ድምፅ፣ በባስ ተመልሶላት ሰምታዋለች።

ዘርአብሩክ በዚያ ሰዓት የቀረው አንድ ነገር ብቻ መሰለው። ስልኩን ዘጋው።

ቴፑም የተሠራበትን ሥራ ሠራ። ንግግሩ እንዳለቀ መዝሙሩን ካቆመበት ቀጠለ። እስከ ጥግ።

ከበሮው በመሬት ገብቶ በእግር ወጣ። ዶሮዎች ተበተኑ። በረንዳው ላይ የተቀመጠች የውሃ ጆግ በራሷ ጊዜ ወደ ጠርዙ ሄደች፤ ጋሽ ጥላዬ ያዟት። ጋሽ ዕንባቆም ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጣታቸው ወደ መንገዱ ተዘርግቶ፣ አፋቸው ለቁጣ ተከፍቶ። ከዚያ ግጥሙን ሰሙት። ስለ ጌታ ምሕረት ነው። እኚህ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በምሕረት መዝሙር ላይ እንዴት ይጮሁ? ጣታቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሦስቱ ሽማግሌዎችም ዝቅ አደረጉ። እትዬ ገነቴ አተካናውን እንደያዙ በር ላይ ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሰፈሩ ያለ ሰው ሁሉ እየተናደደ ጸለየ።

ዘርአብሩክ መዝሙሩን ከስልኩ ላይ ሊያቆም፣ ወይም መኪናዋ ጋ ሮጦ ቁልፉን ሊነቅል ይችል ነበር። ነገር ግን ለመሮጥ ክፍት በሩን በሁሉም ፊት ማለፍ አለበት፤ ደግሞስ ሽማግሌ ራሱን ደፍቶ የሚሰማውን መዝሙር መሐሉ ላይ ማን ይቆርጣል? የትንሽ ጣት ጫፍ የምታክለዋ ቀዳዳ ትዝ አለችው። ስድስት ደቂቃ ተኩል እንሰት ውስጥ ቆመ። በሕይወቱ እንዲህ የረዘመ ነገር አላየም።

መዝሙሩ አለቀ። ጋሽ ዕንባቆም ባርኔጣቸውን አድርገው ከበሩ ወጡ፣ መኪናዋን አዩ፣ ከዚያ ወደ እንሰቱ ዞረው «ና ውጣ ልጄ» አሉ።

ወጣ። ጸጉሩ ላይ የእንሰት ቅጠል ቁራጭ ተሰክቷል።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉ። «የሚተዋወቁ ልጆችና የማይተዋወቁ ልጆች አይጠፉኝም። ያንን ተወው። ሽማግሌዎቹም ዋሹ፤ ሽማግሌ እንዲህ ባለ ነገር ካልዋሸ ማን ይዋሻል።» ወደ መኪናዋ ዞሩ። «መዝሙሩን የምታዜመው እሷ ናት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ቤተ ክርስቲያን ከፊት ነው የምቀመጠው። እንዲህ አድርጌ ሰምቻት ግን አላውቅም» አሉ። ድምፃቸው ላልቷል። ጩኸትን በስምንት አቤቱታ የተዋጉ ሰው፣ የልጃቸውን ድምፅ በደረታቸው ሰምተው ተረትተዋል። «በኔ በኩል እሺ ብያለሁ፤ እሺታዬን አልመልስም። ባሱን የጠየቀችህ ግን እሷ ናት። እሷ ትናገር።»

ራሄል ከጀርባ መጥታ ነበር። ማንንም ሳታይ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ የኋላውን ከፈተች፤ ምንጣፉን ገለጠች። ሰማያዊዋ መብራት ቦግ ብላ አየቻት። ራሄል ለረጅም ጊዜ አየቻትና ምንጣፉን በቀስታ መለሰችው።

«‘እወደዋለሁ፣ ማውጣት አልቻልኩም’ ብትለኝ ኖሮ እስቅብህ ነበር» አለችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ለሱ ብቻ የሚበቃ። «ከአባዬም ጋር እኔው አስታርቅህ ነበር። ‘አውጥቼዋለሁ’ አልከኝ። ዓይኔን ሳታይ፣ በቀላሉ።»

«ራሄልዬ፣ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። አሁን፣ እዚሁ።»

«አታውጣው። ያንተ ነው።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ እጅ ግን ነሣች። «አባቶቼ፣ ሦስት ጊዜ ደክማችሁልኛል፤ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። እኔ አልፈቀድኩም።» ይህን ብላ ገባች። እትዬ ገነቴ አተካናውን ከደኑት። ጋሽ ጠና ከበሩ እስኪወጡ ሁለት ጊዜ ዞረው ክዳኑን አዩት።

ሞተሩ እንደተነሣ ነበር። ገቡ፤ ሄዱ። ዘርአብሩክ የቴፑን ድምፅ ዘግቶ ነው የሚነዳው። አንድ መንደር ውስጥ ሁለት ሰዎች ነጯን መኪና ቀና ብለው አዩ፤ እሱ ግን አላያቸውም። አሁን የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምንጣፉን ስትመልስ የነበራት ዝግታ። እሱም እንዲያ ነበር የመለሰው።

«ክፈተው እንጂ» አሉ ጋሽ ጠና ከኋላ፣ ምናልባት ከርኅራኄ፣ ምናልባት ከረኃብ። «እሷንስ እንስማት።»

ከፈተው። የራሄል ድምፅ ከአራቱ በር መጣ፣ ከኋላም መጣ፤ በወንበሩ ገባ፣ በጀርባው፣ በደረቱ። ፈትሁዲን ሥራውን ያውቃል፤ አንዲት ትንፋሽ አልጎደለችም። ዘርአብሩክ ይህን ሁሉ ጊዜ የሰውን ደረት ለማንቀጥቀጥ ሲመኝ የሱን አስቦት አያውቅም ነበር። ከዛሬ በኋላ ከሷ ያለው ይኼ ብቻ እንደሆነ ገባው፤ ድምፅዋ፣ የፈለገውን ያህል፣ እስከ ጥግ። መንገዱ በእንባ ታጠበበት። እጁ አንድ የሚጫን ነገር ፍለጋ ዳሽቦርዱን ዳበሰ፤ ዳሽቦርዱ ልሙጥ ነው፣ አልተበሳም። ቁልፉን ያዘና አዞረው።

ሁሉም ነገር ዝም አለ። ድምፅዋም፣ ሞተሩም። መኪናዋ ትንሽ ተንሸራትታ ሜዳው ላይ ቆመች።

እንደማትነሣ አራቱም ያውቁ ነበር። ቢሆንም ዘርአብሩክ ለወጉ ያህል ሞከራት፤ አንዴ አስነጠሰች። ጋሽ ዋለ ምንም ሳይሉ ወረዱ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ።

«አሥራ አንድ ልጃገረድ አምጥቻለሁ» አሉ ከኋላ ሄደው እጃቸውን መኪናዋ ላይ ሲያሳርፉ። «አንዷንም በመግፋት አላመጣሁም።»

ጋሽ ጠናና ጋሽ ጥላዬም መጡ። ሦስቱ ገፉ። ዘርአብሩክ ብቻውን መሪውን ይዞ፣ በመስተዋቱ የሽማግሌዎቹን የተደፋ ራስ እያየ፣ ፍጥነቷ እስኪበቃ ጠበቀና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ ተነሣ። ቴፑም ተነሥቶ መዝሙሩን ካቆመበት ቀጠለ።